ዩ(1) ፍሌቨር ሞዴል ላይ ኤፕሲሎን-ኬ ከልክ አለፈብን፤ ሲፒንስ የት እንስበረው?

አዳማ_ቲዎሪ፦

ሰላም ለቤቱ። አዳማ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን ሱፐርሲሜትሪ (እያንዳንዱ ቅንጣት አጋር ቅንጣት አለው የሚለውን ቲዎሪ) የምናነብ የማስተርስ ተማሪዎች ነን። ፍሌቨር ሲሜትሪ (የኳርክ ትውልዶችን ማስና ቅልቅል የሚያብራራው) ላይ ስንደርስ አንድ ቦታ ተያዝን።

ሞዴሉ ቀላሉ የፍሮጋት-ኒልሰን ዓይነት ነው። አንድ ዩ(1) (የፌዝ ሲሜትሪ)፣ አንድ ፍሌቮን (ሲሜትሪውን የሚሰብረው ሜዳ)፣ የፍሌቮኑ ቬቭ (በቫክዩም የሚይዘው ዋጋ) ለመቁረጫው ስኬል ሲካፈል ላምዳ = 0.22። ቻርጆቹ ለግራ-እጅ ኳርኮች (3፣ 2፣ 0)፣ ለቀኝ-እጅ አፕ (5፣ 2፣ 0)፣ ለቀኝ-እጅ ዳውን (1፣ 0፣ 0) ናቸው። የአፕ ማሶች ከቶፕ አንጻር ላምዳ⁸ እና ላምዳ⁴ ይሆናሉ፣ ሲኬኤም ማትሪክሱም (የኳርኮች ቅልቅል ማትሪክስ) ላምዳ፣ ላምዳ²፣ ላምዳ³ እያለ ይገጥማል።

ሶፍት ተርሞቹን (ሱፐርሲሜትሪን ሰብረው ለአጋር ቅንጣቶች ማስ የሚሰጡትን) ስንጨምር ግን ነገር ተበላሸ። ስኳርኮቹንና ግሉዊኖውን (የኳርክና የግሉዎን አጋሮችን) 2 ቲኢቪ ላይ አድርገን የስኳርክ ማስ ማትሪክሱን በዚያው ዩ(1) ሞላነው፤ ከዳያጎናል ውጭ ያሉት ሁሉ በላምዳ ተቀንሰዋል። ያም ሆኖ ኤፕሲሎን-ኬ (በኬዮን ሚክሲንግ ሲፒ፣ ማለትም የቅንጣትና የፀረ-ቅንጣት ሲሜትሪ፣ ምን ያህል እንደተሰበረ የሚለካው ቁጥር) ከተለካው 2.23×10⁻³ በአሥር ሺዎች እጥፍ በልጦ ይወጣል። ይባስ ብሎ ያንኑ ግብዓት በሁለት ላይብረሪ ዳያጎናላይዝ ስናደርገው ሁለት የተለያየ መልስ ይመጣል፤ አንዳንዴ ምልክቱ ሳይቀር ይገለበጣል።

ሲሜትሪው ፍሌቨርን መጠበቅ አልነበረበትም ወይ? ማሱን ወደ 10 ቲኢቪ ብንገፋው ይበቃል? ሲፒን ከመጀመሪያው የተሰበረ እናድርገው ወይስ በፍሌቮኑ ቬቭ ይሰበር? ዩ(1)ን ጥለን ወደ ኤ4 (ዲስክሪት የሲሜትሪ ቡድን) እንሂድ የሚሉም አሉን።

ላምዳ_ካሬ፦

በዚህ በኩል ፕሮግራሙ ላይ አትፍረዱ፤ ሞዴሉ ራሱ ነው እንደዚያ የሚለው። ዩ(1) ዳያጎናሉን አይነካም። የሶፍት ማስ ተርም ስኳርኩ በራሱ ኮንጁጌት ተባዝቶ የሚመጣ ስለሆነ ዳያጎናሉ ላይ ያለው ጠቅላላ ቻርጅ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። እናም ሲሜትሪው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ትውልድ ስኳርኮች ማስ እኩል ይሁን ብሎ አያስገድድም፤ እያንዳንዱ አንድ አካባቢ የሆነ የራሱ ኮኤፊሸንት አለው። እናንተ የተከታተላችሁት ከዳያጎናል ውጭ ያሉትን ብቻ ነው። ኳርኮቹን ወደ ማስ ቤዚስ ስታዞሩ ስኳርኮቹም አብረው ይዞራሉ፣ ያን ጊዜ የዳያጎናሉ ልዩነት በማዞሪያው ማዕዘን ተባዝቶ አንደኛና ሁለተኛ ትውልድን በሚያገናኘው 12 ኤለመንት ላይ ይወርዳል።

በእጅ አስሉት። ዴልታ-12 ማለት በሱፐር-ሲኬኤም ቤዚስ (ስኳርኮቹ ከኳርኮቹ ጋር አብረው በዞሩበት) ያለው 12 ኤለመንት ለአማካዩ የስኳርክ ማስ ካሬ ተካፍሎ ነው። በግራ በኩል ልዩነቱ (አንድ አካባቢ) በላምዳ ሲባዛ 0.22 ይሆናል። በቀኝ በኩልም የዳውን ቻርጆቻችሁ 1 እና 0 ስለሆኑ ማዕዘኑ እንደገና ላምዳ ነው፤ 0.22። ለ500 ጂኢቪ ስኳርክና ግሉዊኖ ከኬዮን ማስ ልዩነት የሚመጣው ገደብ፣ ግራው ብቻውን ሲሆን 0.04 ገደማ፣ ግራና ቀኝ አብረው ሲሆኑ ደግሞ የሁለቱ ብዜት ስኩዌር ሩት 0.0028 ገደማ ነው። ፌዙ ትልቅ ከሆነ ኤፕሲሎን-ኬ ይህንኑ ወደ 0.00022 ያወርደዋል። ግራና ቀኝ ሲገናኙ ገደቡ እንዲህ የሚጠብቀው የዚያ ኦፕሬተር ማትሪክስ ኤለመንት በ(የኬዮን ማስ ለስትሬንጅና ዳውን ማስ ድምር) ካሬ ስለሚጎላ ነው፤ 498 ለ98 ካሬ፣ 26 ያህል። የኪውሲዲ ራኒንግ ደግሞ ይጨምርበታል።

ገደቡ ከማሱ ጋር በቀጥታ ያድጋል። 2 ቲኢቪ ላይ 0.00022 ወደ 0.0009 ይጠጋል። 0.22ን ለዚህ ብታካፍሉ 250 ገደማ፤ መዋጮው በዴልታ ካሬ ስለሆነ 60 ሺህ እጥፍ። ያያችሁት “አሥር ሺዎች” ይኸው ነው። 10 ቲኢቪ ላይ እንኳ 2500 እጥፍ ይቀራል። በማስ ብቻ ለማምለጥ ወደ 500 ቲኢቪ መውጣት ያስፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ ሱፐርሲሜትሪውን ለምን እንደያዛችሁት ራሱ ጥያቄ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ጎድሏል። 2 ቲኢቪውን ከታች ነው ወይስ ከላይኛው ስኬል የሰጣችሁት? ከላይ ጀምራችሁ ካወረዳችሁ የግሉዊኖው መዋጮ ለሦስቱም ትውልድ እኩል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ማስ ካሬ ከኤም-ዜሮ (በላይኛው ስኬል ያለው የስኳርክ ማስ) ካሬ ላይ ከ5 እስከ 6 እጥፍ የጌጂኖ (የኃይል አስተላላፊዎቹ አጋር) ማስ ካሬ ይጨምራል። ኤም-ዜሮና የጌጂኖው ማስ እኩል ከሆኑ ዴልታው በ6 ወይም 7 ይሳሳና 0.03 አካባቢ ይሆናል። ነፃ እርዳታ ነውና አትተዉት፤ ግን ብቻውን አያድናችሁም። ለስሌፕቶኖች (የሌፕቶን አጋሮች) ደግሞ ይህ እርዳታ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሙዮን ወደ ኤሌክትሮንና ፎቶን የሚለውን ገደብ ለብቻው አረጋግጡ። ይህን መበስበስ የሚፈልገው የሜግ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው 4.2×10⁻¹³ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ጠብቋል።

ሐይቅ_ዳር፦

ከሐዋሳ ሰላም። የሁለቱን ላይብረሪ ጉዳይ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው።

ሲንጉላር ቫልዩ ዲኮምፖዚሽን የሚሰጣችሁ ሲንጉላር ቬክተሮች ፌዛቸው የዘፈቀደ ነው፤ እያንዳንዱ ላይብረሪ የራሱን ይመርጣል። ማሶቹ አይለወጡም፣ የሲኬኤም አብሶሉት ቫልዩዎችም አይለወጡም፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ኤፕሲሎን-ኬን የምታሰሉበት ቀመር ግን (0.94 ሲባዛ በኬዮን ሚክሲንግ ኤለመንቱ ኤም-12 ኢማጂናሪ ክፍል፣ ሲካፈል ለስኩዌር ሩት 2 ሲባዛ በኬዮን ማስ ልዩነቱ ዴልታ-ኤም-ኬ) የሚሠራው ቪ-ዩዲ እና ቪ-ዩኤስ (የሲኬኤም ኤለመንቶች) ሪል በሆኑበት የፌዝ ኮንቬንሽን ብቻ ነው። በሌላ ኮንቬንሽን ኢማጂናሪ የሚባለው ክፍል ትርጉም የለውም።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ማሶቹን ሪልና ፖዘቲቭ አድርጉ። ከዚያ ቪ-ዩዲ፣ ቪ-ዩኤስ፣ ቪ-ሲቢ እና ቪ-ቲቢ ሪል ፖዘቲቭ እስኪሆኑ የአፕና የዳውን ቬክተሮችን ፌዝ አስተካክሉ። የግራውን ቬክተር ባዞራችሁበት ፌዝ የቀኙንም አዙሩ፣ አለበለዚያ ማሱ ተመልሶ ኮምፕሌክስ ይሆናል። የስኳርክ ማትሪክሱንም በተስተካከሉት ቬክተሮች አዙሩ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚረሳው፦ ሲኬኤሙን ያስተካክልና ዴልታውን በአሮጌው ቬክተር ያሰላል።

ማረጋገጫ ሁለት አለ። የጃርልስኮግ ኢንቫሪያንት (በሲኬኤም ያለው የሲፒ ስብራት መጠን) 3.1×10⁻⁵ አካባቢ መምጣት አለበት፤ ይህ ግን ሲኬኤሙ ልክ መሆኑን እንጂ ኮንቬንሽኑን አይነግራችሁም። ኮንቬንሽኑን የሚፈትነው ሌላ ነው። ዴልታ-12ን በ(ቪ-ዩኤስ × ቪ-ዩዲ ኮንጁጌት) ኮንጁጌት አባዙና ፌዙን ተመልከቱ፤ ይህ ፌዝ በማንኛውም ኮንቬንሽን አንድ ነው። ከዚያ ሆን ብላችሁ ለእያንዳንዱ ቬክተር የዘፈቀደ ፌዝ ስጡትና አሥር ጊዜ አስኬዱት። ኤፕሲሎን-ኬ ከአራተኛው አሃዝ በፊት ከተንቀሳቀሰ ኮዱ ገና ነው።

ቀሪ_ሲሜትሪ፦

“ዩ(1) አይሆንም” ከማለታችሁ በፊት ሁለት መውጫ አለ፤ ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላል።

አንደኛው አላይንመንት ነው፣ ኒር እና ሳይበርግ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት። ሁለት ዩ(1) ትወስዱና በሆሎሞርፊ የሚመጡ ዜሮዎችን ተጠቅማችሁ የዳውን ዩካዋን (ማሱን የሚሰጠውን ማትሪክስ) ከሞላ ጎደል ዳያጎናል ታደርጉታላችሁ። ኔጌቲቭ ቻርጅ የሚያስፈልገው ኤለመንት ሱፐርፖቴንሻል ውስጥ ሊጻፍ አይችልም፣ ምክንያቱም የፍሌቮኑን ኮንጁጌት እዚያ ማስገባት አይፈቀድም። ካቢቦ ማዕዘን ያኔ ሙሉ በሙሉ ከአፕ በኩል ይመጣል። ኬዮን ይድናል፤ ችግሩ ግን አልጠፋም፣ ወደ ቻርም ተሻገረ እንጂ። የአፕ ዴልታ-12 0.22 ይሆንና የዲ-ሜዞን ሚክሲንግ ይገፋዋል። ባባር እና ቤል የተባሉት ሙከራዎች ያንን ሚክሲንግ እ.ኤ.አ. በ2007 ካዩት ወዲህ ስኳርኮቹ ወይ ብዙ ቲኢቪ ይሁኑ ወይ በከፊል ማሳቸው ይቀራረብ የሚል ግዴታ መጥቷል። እኔ በበኩሌ አላይንመንትን ዛሬ ንጹሕ መፍትሔ አልለውም።

ሁለተኛው ኖን-አቤሊያን መሄድ ነው። በዩ(2) ሁለቱ ቀላል ትውልዶች አንድ ደብሌት ናቸው፤ ሲሜትሪው ሳይሰበር ማሳቸው እኩል ነው፣ ይኸውም በሲሜትሪ ነው፣ በምኞት አይደለም። መጀመሪያ በኤፕሲሎን ≈ 0.02 ወደ ዩ(1) ይሰበራል፣ ቀጥሎ በኤፕሲሎን-ፕራይም ≈ 0.004 ያም ይሰበራል። የማስ ልዩነቱ በኤፕሲሎን ካሬ ማለትም 4×10⁻⁴ ነው፤ በካቢቦ ሲባዛ ዴልታ-12 10⁻⁴ አካባቢ። በሦስተኛው ትውልድ በኩል የሚመጣው ደግሞ ቪ-ቲዲ በቪ-ቲኤስ፣ 0.0086 × 0.0415 ≈ 3.6×10⁻⁴። ሁለቱም ከላይ ላምዳ_ካሬ ካስቀመጠው 0.0009 በታች ናቸው።

ዋጋው? ቀላሉ ዩ(2) ቪ-ዩቢ ለቪ-ሲቢ = ስኩዌር ሩት (የአፕ ማስ ለቻርም ማስ) ይላል፤ ያ 0.045 ያህል ነው። የተለካው 0.09 አካባቢ። በእጥፍ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ተጨማሪ ኤለመንት (አብዛኛውን ጊዜ 31 እና 13 ላይ) መፍቀድ ግድ ነው። ቪ-ቲዲ ለቪ-ቲኤስ = ስኩዌር ሩት (ዳውን ለስትሬንጅ) የሚለው ግን 0.22 ይሰጣል፣ የተለካው 0.21 ገደማ ነው፤ ይህኛውን ቢያቆዩት መልካም።

ሚኒማል ፍሌቨር ቫዮሌሽን (የፍሌቨር ለውጥ ሁሉ ከዩካዋዎቹ ብቻ ይምጣ የሚለውን) ለምን አልወሰድንም የሚል ይኖራል። ውሰዱት፣ ይሠራል። ነገር ግን ዩካዋዎቹን ያለ ማብራሪያ ተቀብሎ መጀመር ስለሆነ “ለምን 0.22?” የሚለውን አይመልስም።

አዳማ_ቲዎሪ፦

እናመሰግናለን። የሐይቅ_ዳርን ማስተካከያ አስገብተናል፣ ሁለቱ ላይብረሪዎች አሁን እስከ ስድስተኛ አሃዝ ይስማማሉ። ወደ ዩ(2) ልንዞር ነው። የቀረን ሲፒ ነው። ፍሌቨር ዲፔንደንት ያልሆኑትን ፌዞች (የሂግሲኖ ማሱ ሙ፣ የጌጂኖ ማሶች፣ የትራይሊኒየር ተርሙ ኤ-ዜሮ) እንዲሁ ዜሮ ብለን ብናልፍ ማጭበርበር ይሆናል? ኤ4 የሚሉት ልጆች ደግሞ “ሲፒ ማለት ሜዳውን በኮንጁጌቱ መተካት ነው፣ ለኤ4 ቀጥታ ይሠራል” ብለው ሙጭጭ ብለዋል።

ሲፒ_ፈታሽ፦

ያለ ምክንያት ዜሮ ካላችሁ አዎ፣ ማጭበርበር ነው። አር-ፓሪቲ ያለው ኤምኤስኤስኤም (ትንሹ የስታንዳርድ ሞዴል ሱፐርሲሜትሪክ ማስፋፊያ) 105 አዲስ ፓራሜትር አለው፤ ከእነዚህ 43ቱ ሲፒ የሚሰብሩ ፌዞች ናቸው፣ 3ቱ በጌጂኖና ሂግሲኖ በኩል፣ 40ው በስኳርክና ስሌፕቶን። የመጀመሪያዎቹ 3 ፍሌቨር ሲሜትሪ የማይደርስባቸው ናቸው። ቁጥሩን ተመልከቱ፦ ስሌፕቶንና ቻርጂኖ 2 ቲኢቪ፣ ታንጀንት ቤታ (የሁለቱ ሂግስ ቬቮች ጥምርታ) 10 ከሆነ የኤሌክትሮን ኤሌክትሪክ ዳይፖል ሞመንት 10⁻²⁶ ኢ-ሴንቲሜትር አካባቢ ሲባዛ በሳይን ፌዝ ነው። የ2023ቱ (እ.ኤ.አ.) ገደብ 4.1×10⁻³⁰ ነው። የሙ ፌዝ ከ10⁻³ በታች መሆን አለበት ማለት ነው። የኒውትሮኑ (1.8×10⁻²⁶፣ እ.ኤ.አ. 2020) ደግሞ ግሉዊኖውን ያለበትን ክፍል ይፈትናል።

ንጹሑ መንገድ ሲፒን በላይኛው ስኬል ሙሉ ሲሜትሪ አድርጎ በፍሌቮን ቬቭ ብቻ መስበር ነው። ያኔ ሙ፣ የጌጂኖ ማሶችና ኤ-ዜሮ በመሪው ኦርደር ሪል ይሆናሉ፣ ፌዝ የሚመጣው ከፍሌቨር ጋር ተጣብቆ ነው፣ የትውልድ ለውጥ በሌለበት በላምዳ ኃይሎች ይቀነሳል። ሁለት ቦታ ግን ተጠንቀቁ።

አንዱ ትራይሊኒየር ተርሞቹ (ሁለት ስኳርክን ከሂግስ ጋር የሚያገናኙት) ናቸው። ፍሌቮኑ ራሱ ኤፍ-ተርም (ሱፐርሲሜትሪን የሚሰብር ዋጋ) ያገኛል፣ መጠኑ የግራቪቲኖ (የግራቪቶን አጋር) ማስ በቬቩ ሲባዛ። ውጤቱ ኤ-ኢጅ = (ኤ-ዜሮ + ኤን-ኢጅ × ቁጥር × የግራቪቲኖ ማስ) × ዩካዋ-ኢጅ ይሆናል፤ ኤን-ኢጅ በዚያ ኤለመንት ያሉት ፍሌቮኖች ብዛት ነው። ስለዚህ ኤ ከዩካዋ ጋር አንድ ላይ ዳያጎናል አይሆንም። አንድ ፍሌቮን ብቻ ካለ ኤን-ኢጅ የግራና የቀኝ ቻርጅ ድምር ነው፤ ወደ ማስ ቤዚስ ስታዞሩት ዳያጎናሉ ሄርሚሺያን ማትሪክስ ሲባዛ በማስ ሆኖ ይወጣልና ሪል ነው፣ ዳይፖሉ በዚህ ኦርደር አይመጣም። ሁለት ፍሌቮን ስታስገቡ፣ ዩ(2) ላይ ደግሞ ማስገባታችሁ አይቀርም፣ ይህ ጥበቃ ይፈርሳል። የአንዱ ኤለመንት ሁለት መዋጮ የተለያየ ፌዝና የተለያየ ክብደት ይዞ ኤ ውስጥ ይገባል፣ ዳያጎናሉም ኮምፕሌክስ ይሆናል። ይህንን በኮዳችሁ ለየብቻ አሳትሙት፦ በማስ ቤዚስ ያለውን የኤ-11 ኢማጂናሪ ክፍል ለኤ-11 አብሶሉት።

ሌላው ቴታ (በኪውሲዲ ውስጥ ሲፒ የሚሰብረው ማዕዘን) ነው። ሲፒ በድንገት ሲሰበር የኪውሲዲ ቴታ የአፕና ዳውን ማትሪክሶች ዲተርሚናንት ፌዝ ይሆናል፣ ከ10⁻¹⁰ በታች ካልሆነ አክሲዮን (ቴታን ወደ ዜሮ የሚያወርድ ቅንጣት) ያስፈልጋችኋል። ሁለቱ ዲተርሚናንቶች ሪል የሚሆኑበትን ቴክስቸር መፈለግ ይቻላል፣ ግን በኬለር (ካይኔቲክ ተርሞቹን የሚሰጠው ፈንክሽን) ማስተካከያ ጊዜ እንዳይበላሽ።

አሁን ኤ4። ልጆቹ ተሳስተዋል፣ የሚታይበት ቦታም አንድ መስመር ብቻ ነው። ኤ4 ሦስት ሲንግሌት አለው፣ 1፣ 1-ፕራይም፣ 1-ደብል-ፕራይም፤ እና አንድ ትሪፕሌት። ሪል ቤዚሱን ውሰዱና ከትሪፕሌት ፋይ 1-ፕራይም ስሩ፦ ፋይ-1 ካሬ + ኦሜጋ ፋይ-2 ካሬ + ኦሜጋ ካሬ ፋይ-3 ካሬ፤ ኦሜጋ የ1 ኩብ ሩት ነው። በ1-ደብል-ፕራይም ሜዳ ዛይ አባዙት፣ ኢንቫሪያንት ነው። አሁን ሁሉንም በኮንጁጌቱ ተኩ። ኦሜጋ ቁጥር ስለሆነ አይለወጥም። የሚወጣው የዛይ × (1-ደብል-ፕራይም ፋይ ፋይ) ሙሉ ኮንጁጌት ነው፣ ያ ደግሞ በኤ4 ኢንቫሪያንት አይደለም። “ሲፒ” ያላችሁት ኦፕሬሽን ቡድኑን ራሱን ሰበረው። ትክክለኛው ፋይን በኮንጁጌቱ ከመተካት ጋር ፋይ-2 እና ፋይ-3ን ማለዋወጥ ነው፤ ያኔ ሁሉም ይገጥማል፣ ኮኤፊሸንቶቹም ሪል ይሆናሉ። በጥቅሉ ሲፒ የቡድኑ አውቶሞርፊዝም ሆኖ እያንዳንዱን ሪፕረዘንቴሽን ወደ ኮንጁጌቱ መውሰድ አለበት። ዴልታ(27) ላይ እንዲህ ያለ አውቶሞርፊዝም ለሁሉም ሪፕረዘንቴሽን የለም፣ በቂ ሜዳ ካስገባችሁ ቡድኑ ራሱ ሲፒን ይሰብራል።

ኤ4 ለኳርኮች ብዙ አይጠቅምም፣ መነሻው ሌፕቶኖች ናቸው። እዚያም ትራይባይማክሲማል ሚክሲንግ (ኤ4 የሚሰጠው የኒውትሪኖ ቅልቅል) ቴታ-13 ዜሮ ነው ይል ነበር፤ የዳያ ቤይ የኒውትሪኖ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ8 ዲግሪ በላይ አገኘው። ማስተካከያ ተርሞች ሳይጨምሩ ዛሬ አይቆምም።

ላምዳ_ካሬ፦

ዲ-ተርሙን ማንም አላነሳም። ዩ(1)ን ጌጅ ካደረጋችሁት በሲሜትሪው መሰበር ጊዜ ለእያንዳንዱ ስኳርክ ማስ ካሬ ላይ ከቻርጁ ጋር የሚሄድ መዋጮ ይጨመራል፣ መጠኑም የሶፍት ማስ ያህል ነው። ቻርጃችሁ 3 እና 2 ነው፤ ከላይ ሁሉም እኩል ቢሆን እንኳ ልዩነቱን መልሶ ያመጣዋል። ዩ(2) ውስጥ ያለውም ዩ(1) ከዚህ አያመልጥም። ዲስክሪት ዜድ-ኤን ብትወስዱ ዲ-ተርም የለም፣ በምትኩ ዶሜይን ወል (በተለያዩ ቫክዩሞች መካከል የሚቀር ግድግዳ) ይጠብቃችኋል።

ኬለሩም ላይ፦ ካይኔቲክ ተርሙ ከዳያጎናል ውጭ ላምዳ ስላለው ሜዳዎቹን መጀመሪያ ካኖኒካል አድርጉ። የሶፍት ማስ ኮኤፊሸንቶች ከኬለሩ ኮኤፊሸንቶች ጋር አንድ ከሆኑ ሁሉም ይጠፋል፤ በአጠቃላይ ግን አንድ አይደሉም፣ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አውጡ። በአንድ ራንደም ማትሪክስ ሁለቱንም መሙላት ውጤቱን ከእውነቱ ያሳምረዋል።

ሐይቅ_ዳር፦

ስካኑን ስትጀምሩ ኮኤፊሸንቶቹን ከ1/3 እስከ 3 በሎግ አውጡ፣ ከ0 እስከ 3 በቀጥታ አታውጡ፤ ከዜሮ አጠገብ የሚወድቁት ነጥቦች ሲሜትሪው ሳይሆን ዕድል ያሳነሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የኳርክ ማስና ሲኬኤም የሚገጥሙትን ነጥቦች ብቻ አስቀሩ፣ ሶፍት ተርም በእነሱ ላይ ብቻ ጨምሩ፣ አለበለዚያ የአዳማ ሙቀት ላይ ላፕቶፑ በከንቱ ይቃጠላል። በየ500 ነጥቡ ራንደም ሲዱን ጨምራችሁ ፋይል ላይ ጻፉ፤ መብራት ሲሄድ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።